ቡራቡሬ የሚባለው

አራሚያችንን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እኔ ስተይብ እሳቸው ሲያርሙ አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ዓይነታቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤት እየነደደ «እሳት» ብላችሁ ብትጮኹ፣ «ነበልባል ነው የሚባለው» ብሎ የሚያቆማችሁ ሰው ከየትም መሥሪያ ቤት አይጠፋም።

አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ «ይቺ ቡራቡሬ ድመት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ተኛች» አለች። ክቡር አራሚያችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቡራቡሬ ሁለት ቀለም ሰፋ ሰፋ ብሎ ሲያርፍ ነው፣ እቴ። የዚች ነጠብጣብ ነው፤ ዥጉርጉር በያት።»

«ጋሼ፣ ላባርራት ነው እንጂ መታወቂያ ላወጣላት መሰለዎት?»

ሥራ አስኪያጁም አላመለጡም። ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ካልሲ አድርገው የመጡ ዕለት «ቡራቡሬ ሆንኩ» ብለው ሊስቁ ሲሉ፣ ግራና ቀኝ ካልሲ ለየብቻው እንደሚቆጠር ከአራሚው ቆመው ተማሩ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። በድብቅ የጻፍኳትን ትንሽ የልጆች ተረት እንዲያዩልኝ ፈራ ተባ እያልኩ ሰጠኋቸው። «ቡራቡሬው ሰማይ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ሰማይ ሌላ፣ ደመና ሌላ። ቡራቡሬ አንድ ገላ ላይ ሁለት ቀለም ነው፣ አንተ ልጅ።»

ልጁ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ሳምንቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። በሰባተኛው ቀን፣ በሻይ ሰዓት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ወረወርኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ገላ ላይ ሁለት ቀለም ካሉ፣ የእርስዎ እጅ ታዲያ ምን ይባላል?»

እጃቸው ከጣታቸው እስከ አንጓቸው ለምጽ ነው። የሳቀ የለም። እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉና «ቃሉ ለሰው አይውልም» አሉ፣ በዝግታ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሻዬን ሳልጨርስ ብርጭቆዬን አነሳችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፊት ለፊት መናገር አቃተኝና ይቅርታዬን ጻፍኩ፤ «ሳላስብ ስለተናገርኩት ክፉ ቃል» ብዬ ጀመርኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱ የእኔ ወንበር ላይ ጠበቀኝ። ከሁለት ገጽ ውስጥ የሰረዙት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ሳላስብ» የምትለውን።

ሐቅ ነው። ሰባት ቀን አስቤበታለሁ። ከእኚህ ሰው በቀር እንዲህ ልቅም አድርጎ ያነበበኝ ሰው በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

«ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል?» አልኳቸው።

የሚታረመውን ገጽ ወደ ራሳቸው ሳቡና ማንበብ ጀመሩ።