በሬሳ ሣጥን ቤት የተቀመጥነው አውጫጭኝ

የዘንድሮ ሰው ምን እንደነካው አላውቅም፣ በር ይዘጋብኝ ብሎ ይለምናል። እኛ ልጆች ሳለን በር የሚዘጋበት ሰው ወይ አጥፍቷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ሙሽራ ነው። አሁን ግን ሰው በጤናው፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከባሕር ማዶ ደባርቅ ድረስ ይመጣና "እባካችሁ ቆልፉብኝ" ይላል። ከቆለፉበት በኋላ ደግሞ ልውጣ ብሎ ላብ በላብ ይሆናል። ታዲያ መጀመሪያውኑ ውጭ አልነበርህም ወይ? ይህን ስጠይቅ የልጅ ልጄ መቅደስ ትስቅብኛለች። "እማምዬ፣ ደስታው እኮ መውጣቱ ላይ ነው" ትለኛለች። እሺ ይሁን። ፊደል ያልቆጠርሁ ሴት፣ የተማረ ሰው ደስታው የት እንደተቀመጠ በምን አውቄ እከራከራለሁ?

የዚህ ሁሉ ነገር ባለቤት እንግዲህ መቅደስ ናት። ኩራቴን ደብቄ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፣ ግን ምን ያደርግልኛል? እንደኮራሁ ልንገራችሁ። ጎንደር ሄዳ ስለ ቱሪስት ተማረች። አብረዋት የተማሩት ወደ አዲስ አበባ ሲነጉዱ እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደኔ መጣች። ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ እንግዳ ጉም ሲወርድበት ሆቴል ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ እንደሚውል አይታ "ግድግዳ ማየቱ ካልቀረ የኔን ግድግዳ ይይ" አለች። ግድግዳውን ከየት አገኘችው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእድራችንን የድሮ ሬሳ ሣጥን ቤት ተከራየች።

ያን ቤት የማያውቅ ደባርቄ የለም። በፊተኛው ክፍል አናጢው ሣጥን ይሠራ ነበር፤ በኋለኛው የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ይቀመጥ ነበር። እኔማ በዚያ በኩል ሳልፍ አናጢው ቀና ብሎ ካየኝ ቁመቴን የለካኝ እየመሰለኝ መንገድ እሻገር ነበር። እድሩ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አዲስ አዳራሽ ሲሠራ አሮጌው ቤት ባዶውን ቀረ። መቅደስ ለሁለት ዓመት ብላ ወሰደችው፤ ቆርቆሮውን አስጠገነች፣ ግድግዳውን አስለቀለቀች፣ የወጣቶቹን ቋንቋ ልጠቀምና "ኢስኬፕ" አደረገችው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግዳው መጀመሪያ ከተማውን በእግሩ እየዞረ የወንጀል ታሪክ ይሰማል። አንድ ነጋዴ ከበየዳ ማር ጭኖ መጣ፤ ዳባት አደረ፤ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። በቅሎዎቹ አሉ፣ ማሩ የለም። እውነተኛ ታሪክ ነው። ለመቅደስ የነገርኋት እኔ፣ ለእኔ የነገረችኝ እናቴ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፈረንጅ ግን ገዳይ የሌለው ታሪክ አይዋጥለትም አሉ፣ ስለዚህ መቅደስ ከራሷ አንድ ገዳይ አበጀችለት። ከዚያ እንግዳው ሣጥን ቤቱ ገብቶ ይቆለፍበታል። ውስጥ ኮርቻ አለ፣ ባዶ የማር ገንቦ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ የሦስት ተጠርጣሪዎች ሥዕል አለ፤ መሐል ላይ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ሣር የተሞላ ነጋዴ ተጋድሟል። እንግዳው ፍንጭ ለቃቅሞ፣ ገዳዩን ለይቶ፣ የቁጥር ቁልፉን በአንድ ሰዓት ካልከፈተ ተሸነፈ ማለት ነው።

ሁለቱ ዓመት አለቀና ውል የማደሻው ጊዜ ደረሰ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደሳለኝ አይሆንም አሉ። በስብሰባ መሐል ተነሥተው "የለቅሶ ቤት መጫወቻ ሆነ! አባቶቻችን ያለቀሱበት ቤት ይሳቅበት? ልጅቷ ትልቀቅ!" አሉ። ሽማግሌው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። መቅደስ ቤት ስትገባ ፊቷን አይቼ ሳልጠይቃት ገባኝ። "እማምዬ፣ ቤቱን ካጣሁ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ጓደኛዬ ሥራ አይታልኛለች" አለችኝ። ልጆቼ ሁሉ እንደዚሁ ሥራ ታይቶላቸው ነው የሄዱት። አንዳቸውም አልተመለሱም። የቀረችኝ እሷ ናት።

ዝም ብዬ ልቀመጥ? ነጠላዬን አጣፍቼ ኮሚቴው ፊት ቆምሁ። "ሳታዩት አትፍረዱበት። ግቡና እዩት። ነውር ካገኛችሁበት ቁልፉን እኔው ራሴ አምጥቼ አስረክባለሁ" አልኋቸው። ተማከሩና ሊቀመንበሩና መሪጌታ ኅሩይ ገብተው እንዲያዩ ተቆረጠ። "እርስዎም አብረው ይግቡ፣ ነገሩን ያመጡት እርስዎ ነዎት" አሉኝ። አፌ ነው ያስቆለፈብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ገባን፣ በሩ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ቀይ ሰዓት አለ፤ ዕድሜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! መሪጌታ ነጋዴውን ሣጥን ውስጥ ሲያዩት ጥምጥማቸውን አስተካክለው ፍትሐት ጀመሩ። "መሪጌታ፣ ሣር እኮ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ። "ሰውስ ቢሆን ምንድን ነው?" ብለው መሪጌታ ፍትሐቱን ቀጠሉ። እኔም ቆሜ ልይ? ሬሳ ተጋድሞ አይቼ ዝም ብዬ የማልፍ አስተዳደግ የለኝም፤ የማር ነጋዴ፣ የሰው አገር ሟች እያልሁ ትንሽ አለቀስሁለት። ይኸው በዚህ ብቻ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

በዚህ መሐል ከኮርኒሱ "ፍንጭ ትፈልጋላችሁ?" የሚል ድምፅ መጣ። መሪጌታ አማተቡ። መቅደስ ናት፤ ሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ታየናለች፣ ትሰማናለች። እኔ ግን ተናደድሁ። ደግሞ ለገዳይ ፍለጋ ፍንጭ ከኮርኒስ ይለመናል እንዴ? ወንጀል ማውጣት ለእኛ መቼ ጠፍቶን? ድሮ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን እየማለ ተናግሮ፣ ወንጀለኛው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም ነበር። ሦስት ቀን ተቀምጦ የጠፋ በሬ ያወጣ አገር፣ ዛሬ ኮርቻ ሥር ወረቀት ሊፈልግ?

"ተቀመጡ" አልኋቸው። "በሩ እንደሆነ ተዘግቷል። አውጫጭኝ እንቀመጥ።" መሪጌታ ነገሩ ልባቸውን ነካው መሰለኝ ወዲያው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ "ጨዋታ እኮ ነው፣ እትዬ የሺ" አሉና ወደ ሰዓቱ አዩ። መሪጌታ ግን መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሣጥኑ ክዳን ላይ አኖሩና "ቤቱ የጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ግን የጨዋታ አይደለም። እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት፣ በልቤ የደበቅሁት በደል የለም ብሎ ይማል" አሉ።

እኔ ጀመርሁ። ቶሎ ብዬ ማልሁ፤ ከእናቴ የሰማሁትንም አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ። መሪጌታም ምለው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ በእሳቸው ግምት ገዳዩ ነጋዴውን ዳባት ያሳደረው ሰው ነው። ተራው የሊቀመንበሩ ሆነ። እጃቸውን ወደ መስቀሉ ዘረጉ፣ መለሱት። ደግመው ዘረጉ። ውጭ የደባርቅ ብርድ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል፣ እሳቸው ግንባራቸው ወዝቷል። "ዝም ብለው ይማሉ እንጂ፣ ማሩን እርስዎ አልወሰዱት!" አልኋቸው።

"ማሩንስ አልወሰድሁም። ድንኳኑን ነው" አሉ።

እኔና መሪጌታ ተያየን። የትኛውን ድንኳን?

"ያን ጊዜ ጎንደር ለጥገና ሄዷል ያልኋችሁን። ጥገና አልሄደም። ኮሶዬ ነበር፣ የልጄ ሠርግ ላይ ተተክሎ" አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ልብ በሉልኝ። የእድራችን ድንኳን ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም፤ ለሠርግ ተከለ የተባለ ሰው ስሙ በደግ አይነሣም። ደግሞ ያን ሳምንት ነበር ጎረቤቴ ዘውዲቱ የሞተችብን። ድንኳን ስለሌለ ላስቲክ ወጥረን፣ ዝናቡ በአንገታችን እየገባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ እዚያው ነበሩ። ከሁላችንም ይበልጥ የረጠቡት እሳቸው ነበሩ፤ ሌላው ሲጠጋ እሳቸው ከላስቲኩ ጫፍ ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። እኔ ደግሞ ትሕትናቸውን አደንቅ ነበር!

"ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ትዝ ይለኛል" አሉ። እንባቸው መጣ። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር። ዘውዲቱን አሰብሁ፤ እሷ ብትሆን ሠርጉ እንዴት ነበር ብላ ነበር የምትጠይቀው። ስለዚህ ጠየቅሁ። "ሠርጉስ አማረ?" አልኋቸው። "አንድ ሰው ደስ ብሎት አልበላም፤ እኔ" አሉኝ።

ይህን ጊዜ ደወል ጮኸ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። መቅደስ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። ሲጨንቃት እንግዳ የምትቀበልበት ቃል መጣላትና "ሰዓታችሁ አልቋል፣ ተሸንፋችኋል" አለች። መሪጌታ ዞር ብለው "በሩን ዝጊው ልጄ፣ ገና ጉዳይ ይዘናል" አሏት። ዘጋችው! ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ለመውጣት ያልተጣደፈ እንግዳ አይታ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና "የለቅሶን ድንኳን ለጭፈራ ያዋልሁ ሰው፣ ይችን ልጅ ሙት ላይ ሳቅሽ ለማለት ምን አፍ አለኝ?" አሉ። እኔ ግን አስፈራርታ አስፈረመች እንዳልባል ከንፈሬን ነክሼ ቁጭ አልሁ፤ ዝም ማለት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው እድሩ ፊት ቆመው ስለ ድንኳኑ ተናገሩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ የዘውዲቱ ልጅ ግን ተነሥታ ይቅር አለቻቸው። እሳቸውም ሳይቀመጡ "ሌላም አለኝ" ብለው የመቅደስ ውል ለአምስት ዓመት እንዲታደስ ጠየቁ። ተስማሙ። ልትሄድ ያወረደችው ሻንጣ ቁም ሣጥን ላይ ተመለሰ። ሌላው አገር ወንጀለኛ ለማውጣት ስንት መርማሪ፣ ስንት ፋይል ይጎትታል፤ የኔ ልጅ ቤት ግን ማንም ሳይጠረጠር፣ ማንም ሳይከሰስ፣ በአንድ ሰዓት እውነት አወጣ። ታዲያ አልኩራ?

የፊርማው ቀን ኮሚቴው በሙሉ፣ ሰባት ሰው፣ ወደ ቤቱ መጣ። እንደ መጡ በረዶ ይወርድ ጀመር፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል። መቅደስ በሩን ከፍታ "ግቡ እንጂ፣ ከውስጥ ይሞቃል፣ አልቆልፍባችሁም!" አለች። ሁሉም ወደ ሣጥኑ፣ ክዳኑ ላይ የመሐላው መስቀል ወደ ነበረበት ቦታ አየት አደረገና ምክንያት አመጣ። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዱ በቅሎዬ ትደነግጣለች አለ፣ ገንዘብ ያዡ ሙቀት አይስማማኝም አለ። በረዶው እየቀጠቀጣቸው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ጠረጴዛ አድርጎ፣ ደጅ ላይ ቆመው ፈረሙ። የገቡት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው፤ አግዳሚው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

መቅደስ ወደኔ ዞረች። "እማምዬ፣ ምነው አንቺስ አትገቢም?"

"ተዪኝ ልጄ" አልኋት ዓይኔን ከሣጥኑ አሽሽቼ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ እየጠቀለልሁ። "በረዶው ደስ ብሎኛል።"