የጋሽ በንቲ ንግግር በዝናብ

ማንም ያልሾመው፣ ማንም ሊሽረው የማይችል ታሪክ አዋቂ የሌለበት ሰፈር የለም። ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ እሱ ካገኘህ፣ ዳቦ ቤቱ ያለበት መሬት ድሮ የማን ከብት ይግጥበት እንደነበር ሳትሰማ አትመለስም።

የእኛ የሀና ማርያም ሰፈር ታሪክ አዋቂ ክቡር ጋሽ በንቲ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ወሬያቸውን ሁሉ የሚጀምሩት «ልብ በል!» ብለው ነው። ልብ ስል ስንት ታክሲ አምልጦኛል። አንዴማ እሳቸውን ልሸሽ ብዬ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ገብቼ፣ ንፍሮ በልቼ፣ አልቅሼ ወጥቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሳሎናችን ገባ። ባለቤቴ ንግስት ሳፋ ደቅና ወደ ጣሪያው ስታንጋጥጥ፣ ጋሽ በንቲ መሰላል ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ።

«ጋሼ፣ ሠራተኛ ጠርቻለሁ እኮ» አልኩ።

«በዚህ ክረምት ማን ይመጣልሃል? ይልቅ መሰላሉን ያዝ!»

ወጡ። አንድ ሚስማር መቱና ወደ እኔ ዞሩ። «ልብ በል! አሁን የቆምክበት ቦታ ረግረግ ነበር። የአባቴ በሬ ሰምጦ በገመድ ነው የጎተትነው።»

«ጋሼ፣ ዝናቡ መጣ!»

«ያን ቀንም እንዲሁ መጥቶብን ነበር!»

በሬው ከረግረጉ እስኪወጣ እኔ በስብሼ አለቅሁ። እሳቸው ሲወርዱ አንዱ ቀዳዳ ሦስት ሆኗል። ንግስት ባልዲና ድስት ጨመረች። ጋሽ በንቲ ሥራቸውን በኩራት ቃኙና፣ «ዋናው አየር ማግኘቱ ነው» አሉ።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ነገ እድሩ አዳራሽ ስለ ሰፈሩ ታሪክ ንገረን ብለውኛል። ትመጣላችሁ አይደል?»

ፈርተዋል! ንግስት «እንዴታ» አለች፤ በእኔም ስም ጭምር።

እሁድ አዳራሹ ደህና ሰው ነበረው። ጋሽ በንቲ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተነሡ። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ወዲያው መብራት ጠፋና ድምፅ ማጉያውም ዝም አለ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቃል ግን አይሰማም። ከኋላ የተቀመጡት ትንሽ ታገሡና ጃንጥላቸውን እየዘረጉ አንድ በአንድ ወጡ። በመጨረሻ ጋሽ በንቲም አቆሙና ባርኔጣቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ግን አንጀቴን በሉት። ወንበሬን ጎትቼ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ንግስት ተከተለችኝ፤ የቀሩትም ተነሥተው ከበቡን።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ይሄ አዳራሽ ሳይሠራ እዚህ ምን ነበር?»

«የምርህን ነው?»

«የምሬን ነው።»

ተቀመጡና ከረባታቸውን አላሉ። «ጅረት ነበር። ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት። እኔም እሁድ እሁድ መኪናዬን ላጥብ እመጣ ነበር።» ፈገግ አሉ። «መኪናው እኮ ንጹሕ ነው! እሷን ለማየት ነው እንጂ። ሟች ባለቤቴን። ዓመት ሙሉ ንጹሕ መኪና ሳጥብ አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና፣ 'ወንድም፣ ቀለሙ እኮ አለቀ' አትለኝም?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

ወንበሬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

«ከዚያስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።