ሶፋው ቀድሞ ሄዷል

[ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቅዳሜ ረፋድ። ጋሽ ወልደጻድቅ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን ለማንም አላመኑም። ሳሎናቸው ባዶ ነው። ሶፋ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ቁም ሳጥን የለ። የቀረው የተገለበጠ የቀለም ባልዲ፣ የሚተኙበት ካርቶንና መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ቡናማ መጋረጃ ነው። ከፊት ለፊታቸው የሚኖረው ሙዘሚል፣ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጠው ጢማሙ ጎረቤታቸው፣ ፌስታል አንጠልጥሎ ቆሟል። ሙዘሚል ቀስ ብሎ ያወራል፣ ቀስ ብሎ ይገባዋል፤ ጋሽ ወልደጻድቅ እንደዚያ ነው የሚያምኑት። ገና ከመግባቱ ተያይዘዋል።]

ወልደጻድቅ፦ አይወርድም አልኩህ። መጋረጃው አይነካም።

ሙዘሚል፦ ቤቱ ውስጥ እኮ ምንም የለም፣ ጋሼ። ምኑን ነው የሚጋርደው?

ወልደጻድቅ፦ ምንም አለመኖሩን ነዋ።

ሙዘሚል፦ [ያስባል] እህ።

ወልደጻድቅ፦ መጋረጃ ከወረደ ሰፈሩ ምን ይላል? «ወልደጻድቅ ሊሄድ ነው» ይላል። ሊሄድ ነው ከተባለ የሰው ዓይን ያርፍበታል። ዓይን ያረፈበት ቪዛ ደግሞ አይወጣም። ጉዳይ ሳያልቅ አይወራም፣ ሙዘሚል። ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ሙዘሚል፦ የዛሬው ሦስተኛዎ ነው።

ወልደጻድቅ፦ አራተኛም እነግርሃለሁ። ዕቃው ሲጫን ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ተኮልኩሎ «ምነው?» ሲለኝ ምን አልኩ? «ትኋን ገብቶበት ሊታጠን ነው» አልኩ። እንዲህ ነው ምስጢር የሚያዘው።

ሙዘሚል፦ ከዚያ ወዲህ እኔንም የሚጨብጠኝ ጠፋ። ፊት ለፊት ስለምንኖር።

ወልደጻድቅ፦ ትንሽ ቻለው።

ሙዘሚል፦ ችያለሁ። ግን ፀጉር አስተካካዩ እዝራ ትናንት «ጋሽ ወልዴ ካልጋሪ የሚገቡት መቼ ነው?» አለኝ።

ወልደጻድቅ፦ እዝራ እንደ ልጄ ነው። ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት።

ሙዘሚል፦ ባለሱቋ ውባንቺም ጠይቃኛለች።

ወልደጻድቅ፦ ለእሱና ለውባንቺ ብቻ።

ሙዘሚል፦ የዕድሩ ዳኛስ?

ወልደጻድቅ፦ የዕድር ዳኛ እንደ ሰው ይቆጠራል? ለዳኛ መንገር ማለት መዝግቦ ማስቀመጥ ማለት ነው።

ሙዘሚል፦ ጥበቃዎቹስ? የቀኑም የማታውም?

ወልደጻድቅ፦ ለየብቻ ነው የነገርኳቸው። ለሁሉም ለየብቻ ነው የነገርኩት። ምስጢር ማለት እኮ ለየብቻ ሲነገር ነው። ደግሞ ባልነግራቸው ኖሮ ለዘመዶቻቸው የሚልኩትን ማን ያደርስላቸው ነበር? «ኪሎ አለዎት ወይ?» ሲሉኝ ለሁሉም «አለኝ» ብያለሁ። ሰው ነኝ።

[ሙዘሚል ፌስታሉን ወደ ፊት ይዘረጋል። ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙታል፤ ልባቸው ግን ፌስታሉ ውስጥ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ የጠበቁት ፓስፖርት እዚያ አለ። ሩዋንዳ ሰፈር ካለው የቪዛ ማመልከቻ ቢሮ ራሳቸው ሄደው እንዳያመጡት የቢሮው ጥበቃ የዕድራቸው አባል ነው፤ ስለዚህ ለሙዘሚል የውክልና ደብዳቤ ጽፈው ላኩት።]

ወልደጻድቅ፦ ቆይ፣ በሩን ዝጋው። ሩዋንዳ ማን አየህ?

ሙዘሚል፦ አንድ ደንበኛዬ ሰልፉ ላይ አገኘኝ። ኮረሪማ የሚወስድ ሰው ነው። «ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

ወልደጻድቅ፦ ምን አልከው?

ሙዘሚል፦ «ለሰው ጉዳይ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ወልደጻድቅ፦ ጎበዝ። እየሠለጠንክ ነው። ከኔ ጋር አንድ ዓመት ብትውል ኖሮ አንተም ፓስፖርት ታወጣ ነበር። ቀላል እንዳይመስልህ፤ ፎቶው ራሱ ትምህርት አለው። የቪዛ ፎቶ ላይ ሰው አይስቅም። ጥርስ ከታየ ይመልሱታል።

ሙዘሚል፦ ጆሮም መታየት አለበት።

ወልደጻድቅ፦ ማን ነገረህ?

ሙዘሚል፦ ፎቶ ቤት ሰው ሲነሣ አይቼ።

ወልደጻድቅ፦ አየህ፣ ማየት ብቻ አይበቃም። ለመሆኑ ሚስትህ ራሕማ አሁንም ወራቤ ናት?

ሙዘሚል፦ እናቷ ዘንድ ናት ብያለሁ።

ወልደጻድቅ፦ ሁለት ዓመት እናት ቤት? እኔ አንተን ብሆን ሄጄ ይዣት እመጣ ነበር። ወራቤ እኮ ቪዛ አይጠይቅም።

ሙዘሚል፦ እሄዳለሁ፣ ኢንሻ አላህ። እየተዘጋጀሁ ነው።

ወልደጻድቅ፦ ሁለት ዓመት ትዘጋጃለህ። እንዳንተ ዓይነቱ ሰው ነው አገሩን ያስቸገረው።

[ወገባቸውን ይዘው ባልዲው ላይ ይቀመጣሉ። ባልዲው ይንቋቋል።]

ሙዘሚል፦ ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ዕቃው ለምን ቀድሞ ሄደ?

ወልደጻድቅ፦ ሒሳብ ነው። መርከብ ሁለት ወር ይፈጃል። አውሮፕላን አንድ ቀን። ሶፋውን ካላስቀደምኩት እንዴት ብለን ነው እኩል የምንደርሰው?

ሙዘሚል፦ ግብዣው ግን ለሦስት ሳምንት አልነበረም? ለወይዘሮ ዕፀገነት ልጅ ሠርግ?

ወልደጻድቅ፦ የአክስቴ ልጅ ጋበዘችኝ ተብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ ልተኛ?

[ሙዘሚል ካርቶኑን ያያል።]

ወልደጻድቅ፦ ለሦስት ሳምንት የገባ ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት ይቆያል። ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ ተዘጋጅቼ የምሄደው።

ሙዘሚል፦ ፍሪጁስ? ካልጋሪ በረዶ ነው ይባላል።

ወልደጻድቅ፦ በረዶው ያለው ውጭ ነው። ሥጋህን ውጭ አስቀምጠህ ትተኛለህ? የሰፈሩን ውሻ አታውቀውም።

ሙዘሚል፦ ዐሥራ ሁለቱ ጄሪካንስ?

ወልደጻድቅ፦ ውሃ በፈረቃ ቢሆንስ? እዚህ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው። የነሱን ቀን በምን አውቃለሁ? ስታብላይዘርም ጨምሬያለሁ። ሰው አገር ሄዶ መብራት መጣ ሄደ እያለ ቴሌቪዥን ከሚያቃጥል ሰው አትቁጠረኝ።

ሙዘሚል፦ ይሄን ሁሉ ኤምባሲው ያውቃል ነው ያሉኝ?

ወልደጻድቅ፦ [በኩራት] ያውቃል ወይ? አርባ ሰባት ዓይነት ዕቃ፣ አንድ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዤዋለሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት አይጎድልበትም። ቆንስሉ ያንን ሲያይ ምን ይላል? «ይሄ ሰው የምሩን ነው፤ አልጋውን ልኳል፣ ይሄዳል» ይላል።

ሙዘሚል፦ ይመለሳልስ?

ወልደጻድቅ፦ ምን አልክ?

ሙዘሚል፦ ምንም። ዕቃው ሲደርስ ተቀባዩ ማነው?

ወልደጻድቅ፦ እኔ ነኛ። በስሜ ነው የጻፍኩት።

ሙዘሚል፦ ወይዘሮ ዕፀገነትስ?

ወልደጻድቅ፦ እሷ አታውቅም። ምስጢር ነው።

ሙዘሚል፦ ለእሷ ነው ያልነገሩት?

ወልደጻድቅ፦ ለእሷ ብቻ። በል አምጣ አሁን።

[ፌስታሉን ይነጥቁታል። ውስጡ ሁለት ፖስታ አለ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ሳሳ ያለ። ጋሽ ወልደጻድቅ ያለ መነጽር ጣታቸውንም አያዩም፤ መነጽራቸው ደግሞ ዕቃ ቁጥር ሠላሳ አንድ ሆኖ ባሕር ላይ ነው። ወፍራሙን ይመርጣሉ።]

ሙዘሚል፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ...

ወልደጻድቅ፦ ዝም በል። ይሄ በመዳሰስ ነው የሚታወቀው። የተከለከለ ፖስታ ቀላል ነው፤ የተፈቀደለት ይከብዳል። ያዝ እስቲ። ከበደህ?

ሙዘሚል፦ ከብዷል። ግን...

ወልደጻድቅ፦ ግን የለም።

[ፖስታውን ይቀድዳሉ፤ ፓስፖርቱን ያወጣሉ፤ ገጹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ይዳብሳሉ። መሐል ላይ ጣታቸው ልሙጥ ነገር ያገኛል። ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ያብለጨልጫል። የሰባት ሳምንቱ ካርቶን፣ ወገባቸው፣ የሰፈሩ ዓይን፣ ሁሉም ተረሳቸው። ወደ በረንዳው ሲሮጡ መጋረጃው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሞ ከነዘንጉ ይወርዳል።]

ወልደጻድቅ፦ [ከበረንዳው] ተመታ! ቪዛው ተመታ! ውባንቺ፣ እዝራ፣ ሁላችሁም ስሙ! ወልደጻድቅ ሄደ!

[ከታች እልልታ ይነሣል። የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ፣ ሰው ሲጠራራ ይሰማል። ጋሽ ወልደጻድቅ መጋረጃውን እንደ ለበሱ ተመልሰው ሙዘሚልን አቅፈው ይስሙታል።]

ሙዘሚል፦ ጋሼ፣ እሱ የኔ ነው።

ወልደጻድቅ፦ የሁላችንም ነው። የሰሚት ደስታ ነው።

ሙዘሚል፦ ፓስፖርቱን ነው ያልኩት። ፎቶውን ይዩት። ጢም አለው።

ወልደጻድቅ፦ [ፓስፖርቱን በክንዳቸው ልክ ያርቁታል፣ ያቀርቡታል] ጥላ መስሎኝ ነበር። አንተ ፓስፖርት አለህ?

ሙዘሚል፦ ሦስት ዓመቱ ነው።

ወልደጻድቅ፦ ወዴት ልትሄድ?

ሙዘሚል፦ ካልጋሪ። የከተማውን ስም ከርስዎ አፍ ስሰማ ደንግጬ ነበር።

ወልደጻድቅ፦ እዚያ ማን አለህ?

ሙዘሚል፦ ራሕማ።

ወልደጻድቅ፦ እናቷ ዘንድ ናት አላልከኝም?

ሙዘሚል፦ «ብያለሁ» ነው ያልኩዎት። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ወልደጻድቅ፦ ለኔ? በር ለበር እየኖርን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለኔ ደበቅከኝ?

ሙዘሚል፦ ጉዳይ ሳያልቅ አይወራም ብለውኝ የለ? እኔ ለማንም አልነገርኩም። ለየብቻም አልነገርኩም።

[ጋሽ ወልደጻድቅ ፓስፖርቱን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ሳሳ ያለውን ፖስታ አንሥተው ለሙዘሚል ይሰጡታል።]

ወልደጻድቅ፦ አንተ አንብበው።

ሙዘሚል፦ [ፓስፖርቱን አገላብጦ፣ ደብዳቤውን ዘርግቶ፣ እየተረጎመ] «ክቡር አመልካች፤ የሠርግ ጉብኝትዎን ጨርሰው ወደ አገርዎ ይመለሳሉ ብለን ለማመን አልቻልንም።»

ወልደጻድቅ፦ ሪጀክት በለኝ በቃ። አታለሳልሰው።

ሙዘሚል፦ ሪጀክት ነው፣ ጋሼ።

ወልደጻድቅ፦ ምን ጎደለ? የቱ ወረቀት ጎደለ?

ሙዘሚል፦ የጎደለ የለም። አንድ በዝቷል። «ያያያዙት የቤት ዕቃ ዝርዝር ለሦስት ሳምንት የሚሄድ ሰው ዕቃ አይደለም» ይላል። አልጋውንና ጄሪካኖቹን ለይተው ጠቅሰዋል።

ወልደጻድቅ፦ ማኅተሙስ?

ሙዘሚል፦ ስለ ማኅተሙ ያሉት ነገር የለም።

[ጋሽ ወልደጻድቅ ባልዲው ላይ ይቀመጣሉ። ያፍራሉ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ሐፍረቱ ይብስባቸዋል። ደረጃው ላይ ደግሞ የብዙ ሰው ኮቴ እየቀረበ ነው፤ እልልታውም አብሮ ይወጣል።]

ወልደጻድቅ፦ ሶፋዬ ባሕር ላይ ነው፣ ሙዘሚል። አልጋዬም፣ መነጽሬም። እዚያ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው የለም። ዕፀገነት እንኳ አታውቅም። እኔ ራሴ ትኬት ቆርጬ ሸኘሁት።

[ሙዘሚል ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል።]

ሙዘሚል፦ ውክልና ነው። ዕቃውን በርስዎ ስም እንድቀበል። ለፓስፖርቱ የጻፉልኝን አይቼ ነው ያስጻፍኩት፤ አጻጻፉ ጥሩ ነበር። ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄደን ይፈርሙልኛል።

ወልደጻድቅ፦ መቼ አስጻፍከው?

ሙዘሚል፦ ለፓስፖርቱ ውክልና የሰጡኝ ቀን። የገባኝ ግን ዝርዝሩን አያይዤ አስገባሁ ያሉኝ ቀን ነው።

ወልደጻድቅ፦ ያኔ ገብቶህ ነበር? ምነው አልነገርከኝም?

ሙዘሚል፦ ጀምሬ ነበር። «አንተ አይገባህም፣ ዝም በል» አሉኝ። ዝም አልኩ።

[ቁልፍ አውጥቶ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጣል።]

ሙዘሚል፦ ይሄ የቤቴ ነው። ኪራዩ እስከ ሰኔ ተከፍሏል። አልጋ አለ፣ ሶፋም አለ። ዕቃዎ ተመልሶ እስኪመጣ እርስዎ በኔ ሶፋ ይቀመጡ፣ እኔ እዚያ በርስዎ።

ወልደጻድቅ፦ [ቁልፉን ቀስ ብለው ያነሣሉ] ሶፋዬ ላይ በጫማ አትውጣ።

ሙዘሚል፦ አልወጣም።

ወልደጻድቅ፦ መቼ ነው የምትበረው?

ሙዘሚል፦ እሱን እንኳ ይተዉት፣ ጋሼ። ገና አልበረርኩም።

[በሩ ይንኳኳል።]

የውባንቺ ድምፅ፦ ጋሽ ወልዴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ለእህቴ ልጅ ትንሽ በርበሬ ይዤ ነው። እዝራም ሽሮ ይዟል፣ የዕድሩ ዳኛም ኋላችን ናቸው።

ወልደጻድቅ፦ [በሹክሹክታ፣ መጋረጃውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ] ምን ልበላቸው? ለሁሉም ኪሎ አለኝ ብያለሁ።

ሙዘሚል፦ ይቀበሏቸው። ማን ይዞት እንደሚሄድ ብቻ አይንገሩ። የቤት ዕቃውን ሁሉ እርስዎ ስለላኩልኝ ሻንጣዬ ባዶ ነው።