እትዬ መቼ፣ ከፎቶ ኮፒው ክፍል አጠገብ

የሰው ልጅ ሲበደል መጀመሪያ የሚያምረው ፍትሕ አይደለም። መጀመሪያ የሚያምረው "ወይኔ ወንድሜን! እንዲህ አደረጉህ?" ብሎ አብሮት ደረቱን የሚደቃ ሰው ነው። ፍትሕ ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ከተገኘ ይመጣል። ይህን የማይረዳ ሰው ግን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። በደልህን ዘርዝረህ፣ ድምፅህ ተሰባብሮ፣ "እህህ" እስኪልልህ ስትጠብቅ ቀና ብሎ ያይህና "መቼ ነው?" ይልሃል።

የኛ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እንዲህ ዓይነቷን ሰው ፈልጎ አግኝቶ ቢሮ ሰጥቷል። በሩ ላይ የተለጠፈው "የሰብዓዊ መብትና የመድልዎ ጉዳዮች አማካሪ" ይላል። ይህን ሁሉ አንብቦ የሚጨርስ ስለሌለ፣ ከዲኑ እስከ ጥበቃው "እትዬ መቼ" ነው የምንላቸው። እሳቸውም ያውቃሉ። ስሙ የወጣላቸው መቼ እንደሆነ ሳይቀር ያውቃሉ።

አስተዳደሩ መጀመሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባው ክፍል ሰጥቷቸው ነበር። አልፈልግም ብለው ምድር ቤት፣ ከፎቶ ኮፒው ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል መረጡ። "እዚያ ላይ የሚመጣ ሰው እኔ ጋ እንደመጣ አገር ያውቅበታል። እዚህ ግን ያየው ሁሉ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ነው የሚለው" አሉ። እውነታቸውን ነው። አለቃውን ሊከስ የሚመጣ ሁሉ ባዶ ወረቀት በእጁ ይዞ ነው ወደዚያ ኮሪደር የሚገባው።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት የእንጨት ወንበሮች አሉ፣ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የእንግዳው። ቁመታቸው እኩል ነው፤ አስለክተው ነው ያሠሯቸው። ዲኑ አንድ ቀን ገብተው "የሚሽከረከር ወንበር የለም እንዴ?" ቢሏቸው "ጠዋት ጥበቃው ተቀምጦበት ነበር፤ አልተመቸኝም አላለም" አሏቸው። ዲኑ ተቀመጡ።

ከእትዬ መቼ አፍ ወሬ አይወጣም። የምናውቀውን ሁሉ የምናውቀው ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ወጥተው ስለሚያወሩ ነው። አንድ አስተማሪ ለምሳሌ፣ በሩን በርግዶ ገባ።

"ተናቅሁ!"

"መቼ?"

"ሁልጊዜ!"

"ሁልጊዜ የምትለው ማክሰኞን ነው ረቡዕን?"

"እትዬ፣ እኔ እዚህ እየነደድኩ እርስዎ ቀን ይጠይቁኛል?"

"ንደድ፤ ግን ቀኑን እየነገርከኝ።"

ሲጣራ፣ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው አቁሞበት ኖሯል። "ይኼ መድልዎ አይደለም፣ ብልግና ነው። ለብልግና ቅጽ የለኝም" አሉት። እንዲያም ሆኖ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዳመጡት። ሲወጣ ቀሎት ነበር።

ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። አንድ ቀን በር ላይ እየጠበቋቸው ሳለ "ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር 'አንቺ እኮ ሁልጊዜ' ብዬ የጀመርኩትን ነገር አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም" ብለውኛል። ስሞታ እንዳይመስልባቸው ወዲያው ሳቅ ጨመሩበት።

ደግሞ የፅዳት ሠራተኞቹ ጉዳይ አለ። የመምህራን ማረፊያ በር ላይ "ለፅዳት ሠራተኞች መቀመጥ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከረመ። እትዬ መቼ ሁለት መስመር ጻፉ፦ "ማስታወቂያው የተለጠፈው መቼና በማን ውሳኔ ነው? ቃለ ጉባኤው ይላክልኝ።" ቃለ ጉባኤ አልነበረም። በማግስቱ ማስታወቂያውም አልነበረም።

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ስስቅ ኖርኩ። ሳቅ የሚያምረው በሰው ታሪክ ነውና።

እኔ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ተማሪዎችን በየላቦራቶሪው፣ በኛ አጠራር በየላቡ፣ የምመድበው እኔ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ዝርዝሩን ሳዘጋጅ የአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስም ላይ ደረስኩ። ልጅቷ በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። ላቡ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል። "ይህቺ ልጅ እንዴት ብላ ትወጣዋለች!" ብዬ ስሟን ከላቡ ሰረዝኩና ምድር ቤት የሚሰጥ የንባብ ኮርስ ውስጥ አስገባኋት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደግነት አይወራም ብዬ። ያን ቀን ምሳዬን የበላሁት ደስ ብሎኝ ነው።

ያለዚያ ላብ በኬሚስትሪ እንደማይመረቅ አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ ደንቡን የተየብኩት እኔው ነኝ። ላቡ የሚሰጠው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው። ብቻ በዚያ ሰዓት ልቤ እንጂ ጭንቅላቴ አልሠራም። ምዝገባው የሚዘጋው በሚቀጥለው ዓርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ መቼ አስጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያችን ወንበር ተቀመጥኩባት። ዲኑ የሚሽከረከር ወንበር ቢጠይቁ እውነታቸውን ነው፣ አትመችም።

"ልጅቷ ቅሬታ አቅርባለች" አሉኝ።

"በማን ላይ?"

"ባንተ።"

ደሜ ፈላ። "በኔ? ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይኼ ነው! እኔ እኮ ለሷው ብዬ ነው!"

"ስሟን የሰረዝከው መቼ ነው?"

"ሐሙስ። ከምሳ በፊት።"

"ከመሰረዝህ በፊት ጠይቀሃታል?"

"ምኑን ነው የምጠይቃት? ይታያል እኮ!"

ጻፉት። "ይታያል እኮ" ብለው፣ ከነቃለ አጋኖው።

"እትዬ፣ እሱን እንኳ ይተዉልኝ።"

"አላልክም?"

"ብያለሁ፤ ግን ተጽፎ ሲታይ ያስጠላል።"

"ሲነገርም እንደዚያው ነበር" አሉኝ፣ ያለ ቁጣ። "ስማ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። የምመክረው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ነው፤ አሁን የተቀመጥከው ደግሞ አንተ ነህ። ምላሽህን ጽፈህ አምጣ።"

እልህ ይዞኝ አራት ገጽ ጻፍኩ። አስተዳደጌን፣ ሰው ሲቸገር ማየት እንደማልችል፣ በአሥራ ሰባት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ተማሪ አልቅሶብኝ እንደማያውቅ ዘረዘርኩ። ማክሰኞ ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

"ጥሩ ጽሑፍ ነው" አሉኝ። "አንተን በደንብ አወቅሁህ። ልጅቷስ የታለች?"

"የት?"

"እዚህ ውስጥ። አራት ገጽ ሙሉ አንዴም አልተናገረችም።"

ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው በሰው ላይ ሲተረት ያስቃል፤ የራስ ሲሆን ግን ሌሊቱን ሙሉ ያገላብጣል።

ረቡዕ ልጅቷን ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ አገኘኋት። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። ደረጃው እንዴት እንደሆነባት ጠየቅኋት።

"ጋሼ፣ አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ስምንት ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ እወጣዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስወጣው ነው የኖርኩት። የሚቸግረኝ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። በሩ ተቆልፎ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ተጋፍቶ ይገባና የኋላው ጠረጴዛ ይደርሰኛል። ከዚያ ሰሌዳው አይታይም። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢከፈትልኝ ይበቃኛል።"

"ሌላስ? ይኸው ነው?"

"ስሜ" አለች። "ስሜ ይመለስልኝ።"

ያኔ አፈርኩ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን በሱ ፈንታ አንድ ዓመት ልወስድባት ነበር።

ስም መሰረዝ በአንድ እጅ ያልቃል፤ መመለስ ግን የዲኑን ፊርማ ይጠይቃል። ዲኑ ሐሙስ አልነበሩም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ሬጅስትራሩ መስኮቱን ሊዘጋ ሰላሳ ደቂቃ ቀረው፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ ኮሪደሩ ላይ እንቆራጠጣለሁ። የስብሰባ በር ማንኳኳት በኛ ግቢ የተለመደ አይደለም። እትዬ መቼ መጡ፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፣ አንኳኩ፣ ገቡ። ውስጥ ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊርማው ወጣ። ለአሥር ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የልጅቷ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያው ላብ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ቁልፉን ይዤ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ወጣሁ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እትዬ መቼ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል። ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

"እትዬ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"በሩ ሲከፈት ለማየት።"

"አላመኑኝም ማለት ነው?"

"አንተንስ አምኜሃለሁ። ስለ ሊፍቱ ስድስት ደብዳቤ ጽፌ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልኩ። ሰባተኛውን ግን ደረጃውን ራሴ ሳልወጣው አልጽፍም ብዬ ነው።"

በሩን ከፈትኩ። ልጅቷ ደረሰች። ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል። ሁለታችንንም ሰላም ብላ ገባች፣ የፊተኛው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች፣ ክራንቿን ከሥር አጋደመች፣ ደብተሯን አወጣች። ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ክፍሉ የሷ ብቻ ነበር። እኔና እትዬ መቼ በበሩ በኩል ስናያት ትንሽ ቆየን። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ልቤ ይህን ብሎ አያውቅም ነበር፤ ወይም ብሎ አልሰማሁትም።

ከዚያ መውረድ መጣ። እጃቸውን መሬት ላይ ተመርኩዘው ሊነሱ ሞከሩ፤ አልሆነም። እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ ክንዳቸው ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ያዝ አደረግሁት።

"እትዬ፣ ልያዝዎት ወይስ ይቅር?"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ያዘኝ" አሉ። "ግን በግራ በኩል፤ ቀኙ ሲነካ ያመኛል።"

እኔ ልይዛቸው የነበረው በቀኝ ነው።