እትዬ ሥልጠና

በየትምህርት ቤቱ በሥልጠና የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን ለሻዩ እንሄዳለን፤ ከኋላ ተቀምጠን እናንቀላፋለን፤ የታደለንን ወረቀት ማራገቢያ አድርገን እንመለሳለን። ያ አንድ ሰው ግን የሰማውን በነጋታው ይሠራዋል። የእኛዋ የሳይንስ መምህርት ናቸው፤ ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት እትዬ ሥልጠና።

አቀባበላቸው ስለሚለያይ ተማሪዎች አያያዝ ሠልጥነው የተመለሱ ዕለት ትምህርት ቤቱ ሰላም አጣ። መጀመሪያ "የኋላ ወንበር" የሚባለውን ነገር ከክፍላቸው አጠፉ፤ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ጽዳት ሠራተኛዋ "ከየት ጀምሬ የት ልጨርስ?" ብላ አማረረች። በመምህራን ስብሰባ ላይ ደግሞ "በቃል ብቻ የማይገባው ይኖራል" ብለው ተነሡና የርዕሰ መምህሩን ንግግር በእጅ በእግራቸው ያሳዩን ጀመር።

"እትዬ፣ በፈጠረዎት አምላክ ይቀመጡ!" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ነገሩ ልጁ ውስጥ ካልገባ፣ ልጁ ነገሩ ውስጥ ይግባ!" ይላሉ እትዬ፤ እንደ ጸሎት ነው የሚደግሙት።

እኔ ሒሳብ የማስተምረው ከእሳቸው ክፍል አጠገብ ነው። አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን እየፈተንኩ ሳለ ከወዲያ ጠረጴዛ ሲደበደብ፣ ልጆች ሲንጋጉ ሰማሁ። ዛሬስ አልምራቸውም ብዬ ሄድኩ።

በሩን ከፈትኩ። ወንበሮቹ አራት ክፍል ሠርተዋል፤ ልብ መሆኑ ነው። ተማሪዎቹ ደም ሆነው ሰማያዊ ወረቀት ይዘው ይገባሉ፤ መስኮቱ ሥር ካለው "ሳንባ" ደርሰው በቀይ ይለውጡና ወደ ልብ ይመለሳሉ። መሐል ቆማ ጠረጴዛ እየመታች የምታዝዘው ያቺ ምላሷን የሚይዛት ልጅ ናት! ስሟን ለመናገር እንኳ የምትታገለው፤ እኔም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዳላሳፍራት ብዬ ጠይቄያት የማላውቀው።

"ክፈት! ዝጋ! ክፈት! ዝጋ!" ቃሉ ከአፏ እንደ ጅረት ይወርዳል።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር..." ብዬ ስጀምር ልጅቷ ሰማያዊ ወረቀት አስጨበጠችኝ።

"ቲቸር፣ መንገድ አይዝጉ! ወደ ሳንባ!"

ሄድኩ። ምን ላድርግ? ይህን ሁሉ ዘመን ደም ይዤ ስዞር፣ እንዴት እንደሚዞር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደወል ሲደወል ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ተከተለችኝ። "ቲ... ቲ..." ምላሷ ተመልሶ ታሰረ። ልጨርስላት ስል እትዬ በር ላይ ቆመው በዐይናቸው ገሠጹኝ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

"ቲቸር፣ እ... እኔንም ይጠይቁኝ" አለች።

"እ... እሺ" አልኩ፤ እኔም ተንተባተብኩ።

በማግስቱ ጠየቅኳት። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር እየታገለች መለሰች፤ ማንም አልሳቀም። መልሷ ስሕተት ነበር። ለሚቀጥለው ጥያቄ ግን እጇን ቀድማ አወጣች።

ያን ዕለት በሻይ ሰዓት እትዬን ጠጋ አልኳቸው።

"ኩላሊት መቼ ነው?"

"ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ?"

"የለም፤ ቦታ ይያዙልኝ ብዬ ነው።"