ፋብሪካው የማያውቃት ወንበር

ካርቱም ውስጥ መኪናውን የማይወድ ሐበሻ ሹፌር የለም። በየሰፈሩ ግን መኪናውን እንደተሠራች መተው የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ገዝቶ ባመጣት ማግስት ከሥሯ ተጋድሞ ይገኛል። በሳምንቱ የሸጠለት ሰው መንገድ ላይ ቢያያት አያውቃትም። በወሩ የሠራት ፋብሪካ ራሱ ሰላም ሳይላት ያልፋል። በእናንተ ሰፈር ይህ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር ክቡር ባሽሙሐንዲስ ያረጋል ነው።

ባሽሙሐንዲስ ማለት ሱዳኖች ዋና መሐንዲስን የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። መፍቻ የጨበጠ ሁሉ ስለሚጠራበት ለያረጋልም ደርሶታል። እኔ ሙላቷ እባላለሁ፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መዝጋቢ ነኝ። ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ ስለምችል የሰፈራችን ሰው ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። ያረጋል ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል፤ ፊደሉን ግን አንዱንም አይለይም።

መኪናው አምጃድ ናት፤ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ በታክሲነት የምትሠራ ትንሽ ቫን። ከእሷ ጋር የሚሄዱ ሁለት አባባሎች አሉት። አንደኛው «ፋብሪካው ረስቶት ነው» የሚለው ነው። ከመሪው ጎን አሥራ አራት ማብሪያዎች ደርድሯል፤ ለምን ሲባል፣ ፋብሪካው ረስቶት ነው። ከፊት ዘበኛ የሚያህል የብረት ፓራውልት በይዶ ገጥሟል፤ ይሄንንም ፋብሪካው ረስቶታል። ሁለተኛው አባባሉ «ይቺ ብቻ ናት የቀረችው» የሚለው ነው። ይህን መስማት ከጀመርን አምስት ዓመታችን ነው።

በአምስት ዜማ የምትጮህ የጭነት መኪና ጡሩምባ አስገብቶ ነበር። ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ በር ላይ ሲሞክራት፣ ዘበኛው ባለሥልጣን የመጣ መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሰላምታ ሰጠው። ያረጋልም ሰላምታውን በወጉ መልሶ ሄደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አረንጓዴ መብራት ዘረጋና ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ፖሊሱ ቅጣቱን ጽፎ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሞተር ሳይክልም ይሆን እንደሆነ ጠየቀው። ያረጋል ያን የቅጣት ወረቀት እንደ ዲፕሎማ ነበር ለሰው የሚያሳየው።

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ለቅሶ ቤት፣ የድንኳኑን ብረት ሲያጠብቅ የተገኘ እሱ ነው። ጥርሱን ሊያስነቅል እኛ ዘንድ መጥቶ፣ ሐኪሙ መርፌ ለማዘጋጀት ዞር ሲል የወንበሩን መደገፊያ ፈትቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። «ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት» ነው ያለው። ቤቴ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ጉልበቱ አያርፍም፣ ዓይኑ ከማራገቢያዬ ላይ አይነሳም። እኔም አብሬው ስቀመጥ የሚነቀል ነገር የት አለ እያልኩ ቤቴን ስጠብቅ እውላለሁ።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይጨንቀዋል። ሩኽሳው፣ ማለትም የመኪናዋ ፈቃድ፣ የሚታደስበት ቀን ነው። ትራፊኮቹ ሳይፈትሿት በፊት የጨመረውን ሁሉ ፈትቶ እኔ አልጋ ሥር ይደብቃል። መኪናዋ እንደተወለደች ራቁቷን ሄዳ ታልፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትለብሳለች። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቹም ያው ናቸው። የእሱ ብቻ የሆነው እስኪመሽ መታገሥ አለመቻሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፈተሻው ግቢ በር ወጥቶ መንገድ ዳር ጡሩምባዋን ሲገጥም የፈተሸው ትራፊክ አይቶታል።

ከሩኽሳው ጋር ተአሚኑ፣ ማለትም መድኑ፣ ይታደሳል። ውሉን የማነብለት እኔ ነኝ። «ባለንብረቱ በመኪናው ላይ ለውጥ ሲያደርግ ለኩባንያው ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ለውጡ ላስከተለው ጉዳት ኩባንያው አይጠየቅም» ይላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ አነበብኩለት።

«እኔን አይመለከትም» አለኝ።

«አሥራ አራት ማብሪያ ገጥመህ እንዴት አይመለከትህም?»

«ሙላቴ፣ ለውጥ እኮ ነው የሚለው። እኔ መቼ ለወጥኩ? አሟላሁ እንጂ!»

ከዚያ ስፒከሩ መጣ። የልብስ ሣጥን የሚያህል ስፒከር ከሰጃና ገበያ ገዝቶ፣ ማስቀመጫ ሲያጣ ከኋላ ወንበሮች አንዱን ነቀለ። ሰባት የነበረው መቀመጫ ስድስት ሆነ። ተሳፋሪ ማጣት ደግሞ ስላልፈለገ፣ በተንሸራታቹ በር አጠገብ የምትታጠፍ ወንበር ሠራ። ማጠፊያዋን ከአሮጌ የፀጉር ቤት ወንበር አመጣ፤ ጨርቋን ከነቀለው ወንበር ገፎ በእጁ ሰፋት። መቀመጫው እንደገና ሰባት ሆነ። ሰውየውን ባማውም እውነቱን አልክድም፤ ወንበሯ ከሌሎቹ የምትለይበት ምንም ነገር አልነበራትም።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ዐርብ ቀን፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር አንዲት አራስ ልንጠይቅ ተነሣን። ያረጋል ከሪያድ ሬሕማን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ጫነ፤ አራቱም እዚያው በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች ናቸው። መጨረሻ ላይ እኔን ከዐማራት አነሣኝ። ለበሩ ቅርብ ስለሆነች በታጣፊዋ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ የአጥሚቱን ቴርሞስ አቀፍኩ። ትንሽ እንደሄድን ያረጋል ከመሪው ጎን ጎንበስ አለ። አሥራ አምስተኛ ማብሪያ አስገብቷል ለካ።

«ይቺ ብቻ ናት የቀረችው» አለ። «ልንካትና እዩልኝማ።»

«ያረጋል፣ አህያው!» ብላ ሬሕማ ጮኸች።

ቀና ሲል ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ መንገዱን እያቋረጠ ነው። መሪውን ጠመዘዘ። አህያው ተረፈ፣ እኛ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተምን። ሌሎቹን ጭረት ብቻ ነው ያገኛቸው። የእኔ ወንበር ግን ከነእኔ ታጠፈች፤ ቁርጭምጭሚቴ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ቴርሞሱ ምንም አልሆነም።

የአጥንት ሐኪሙ እግሬን በጀሶ አስሮ ቁርጡን ነገረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በኦፕራሲዮን ብረት ካልገባበት አጥንቱ ተጣምሞ ይገጥማል፤ ዕድሜ ልኬን አነክሳለሁ። የኦፕራሲዮኑ ዋጋ እኔ የምችለው አልነበረም። ተስፋዬ ሁሉ ተአሚኑ ላይ ተንጠለጠለ።

መድን ድርጅቱ ኡስታዝ በሽር የሚባሉ አዛውንት መርማሪ ላከ። እሳቸው ሳይመጡ ያረጋልን አስጠነቀቅኩት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ልናገር፤ አንተ ራስህን ብቻ ነቅንቅ።»

«ኢንሻላህ» አለ።

ልዋሽ አልነበረም። ካልተጠየቅኩ አልናገርም ብዬ ነው፤ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያን ሰሞን ለራሴ ደጋግሜ አስረድቻለሁ።

ኡስታዝ በሽር መኪናዋን ዞሩ። መብራቱ ላይ ቆሙና «ይህ ከውጭ የመጣ ነው፣ አልተነገረንም፣ ቢሰበር አንከፍልም» አሉ። ጡሩምባውንም፣ ፓራውልቱንም፣ ስፒከሩንም እንዲሁ እያሉ ሰረዟቸው። ያረጋል በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሰው አካል ግን ሌላ ነው» አሉ። «ሩኽሳው ላይ ሰባት መቀመጫ ተጽፏል፤ እዚህም ሰባት ነው። ስድስት ነበራችሁ። የተሳፋሪ ሕክምና በእኛ ነው። ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ የት ነበር የተቀመጥሽው?»

«እዚች ላይ» አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ወንበሯን አጠፏት፣ ዘረጓት፣ ስፌቷን በጣታቸው ዳሰሱ። «ማሻአላህ!» አሉ። «ፋብሪካው እንዲህ ያለ ሥራም ይሠራል ለካ።» ይህን ብለው ለመጻፍ ብዕራቸውን ከፈቱ።

ያረጋልን አየሁት። ጆሮው ቀልቷል። የክራንቼን ጫፍ እግሩ ላይ አሳርፌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት።

«ፋብሪካው?» አለ ያረጋል።

«አዎ፣ ፋብሪካው።»

«ያ ሐጅ፣ የትኛው ፋብሪካ ነው ይሄን የሚችለው? ወላሂ የእኔ እጅ ነው!»

ኡስታዝ በሽር ደግ ሰው ናቸው። ጀሶዬን አዩ፣ ያረጋልን አዩ፣ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። «ያ ባሽሙሐንዲስ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ጆሮዬም ደክሟል» አሉ። «ምንም አልሰማሁም። ፋብሪካው ነው፣ አይደል?»

ያረጋል እውነት ያልሰሙት መሰለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማጠፊያውን ከየት እንዳመጣ፣ ስንት ጊዜ አፍርሶ እንደ ሠራው፣ ስፌቱ በማሽን ሳይሆን በእጅ መሆኑን፣ ቡሎኖቹን እንዴት እንደ ደበቃቸው ሁሉ ነገራቸው። ጎረቤት ወጥቶ እስኪያይ ድረስ ነገራቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኡስታዝ በሽር ደብተራቸውን ዘጉ። «ይህች ወንበር ለእኛ የለችም» አሉ። «እግሯን የሰበረውም የእሷ ማጠፊያ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱ በሠራው ሰው ላይ ነው። ቀድማችሁ ብትነግሩን አይተን ውሉ ላይ እንጽፋት ነበር። አንዲት ወረቀት እኮ ናት!»

እሳቸው እንደሄዱ በያረጋል ላይ ጮኽኩበት። «ወንበርህ እግሬን ሰበረች፣ አፍህ ደግሞ አንካሳ አደረገኝ» አልኩት። ከዚያ አራት ቀን ድምፁ ጠፋ። ሰዎች በመተማ በኩል አገሩ ገብቷል አሉ፤ እኔም አመንኩ። ትራሴን ተደግፌ ቀኖቹን እየቆጠርኩ አለቀስኩ፣ ረገምኩት።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት አምጃድ በሬ ላይ ቆመች። ጡሩምባ ስላልተነፋ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ያረጋል ገባና የሆስፒታል ደረሰኝ አልጋዬ ላይ አስቀመጠ።

«ያላ፣ ተነሽ። ኦፕራሲዮንሽ ዛሬ ነው» አለኝ።

መኪናዋን ሳያት ደነገጥኩ። ስፒከሩ፣ መብራቱ፣ ፓራውልቱ፣ ጡሩምባው የሉም። ሰጃና ወስዶ ሁሉንም ሸጧቸዋል። ታጣፊዋን ወንበርም ነቅሎ የፋብሪካውን በቦታው መልሶታል።

ብረቱ ገባልኝ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሰኝ እሱ ሆነ። «ከእንግዲህ ቡሎን ብነካ እጄን ይቁረጠው» ብሎ ምሏል። መኪናዋ ውስጥ ከሞተሩ በቀር የሚሰማ የለም። ለዚህ ዝምታ አምስት ዓመት ስለት የተሳልኩ እኔ ልደሰት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ቀይ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር እጁ ሳያውቀው ወደ መሪው ጎን ይሄዳል፣ አሥራ አምስት ባዶ ቀዳዳ ያገኛል፣ ተመልሶ መሪውን ይይዛል። አንጀቴን በላው። ያ ሁሉ ጩኸት ናፈቀኝ።

ብረት የገባበት እግሬ እስከ መኪናዋ በር ድረስ አልነሣ አለኝ። ያረጋል በሄድንበት ሁሉ የለስላሳ ሣጥን ተሸክሞ ከበሩ ሥር ያደርግልኛል። አንድ ቀን ክራንቼን አስተካክዬ ቀና ስል፣ ከመሬት እስከ በሩ ያለውን ከፍታ በስንዝሩ ሲለካ ያዝኩት። እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ቶሎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድኩ። ኡስታዝ በሽር ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«መኪናዋ ላይ አንዲት መርገጫ ልናስጨምር ነው» አልኳቸው። «ከመሠራቷ በፊት።»

ፈገግ ብለው ቅጽ ሰጡኝ። የጭማሪው ዓይነት፣ የሚገጠምበት ቦታ፣ ከፍታው፤ ሁሉንም በዐረብኛ ሞላሁ። ከታች የአምራቹ ስም የሚል መስመር ነበር። እዚያ ላይ ብዕሬ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ጻፍኩ። ኡስታዝ በሽር አነበቡት፣ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱኝ፣ ማኅተማቸውን አሳረፉበት። «ሲጨርስ ያምጣት፣ ራሴ አያታለሁ» አሉ።

ያረጋል ከሰዓት በኋላ ሊወስደኝ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ማኅተሙን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ? ቅጣት ነው?»

«ስማኝ፣ ላንብብልህ። የጭማሪው ዓይነት፦ የተሳፋሪ መርገጫ። ቦታው፦ ከተንሸራታቹ በር ሥር። ከፍታው፦ ሁለት ስንዝር። የአምራቹ ስም፦ ያረጋል ደመቀ።»

«ቆይ» አለኝ። «እዚያ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካ ስም አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የቱ ጋ ነው ያለው?»

ጣቱን ይዤ ስሙ ላይ አስቀመጥኩለት። ከኋላችን መንገድ ዘግታችኋል የሚሉ መኪኖች ተሰለፉ፣ አንዱ ሹፌር በመስኮት ብቅ ብሎ ተሳደበ። ያረጋል ጣቱን አላነሣም።

«እስቲ እዚች ጋ ድገሚልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።