የሁለት ማርክ ጥያቄ

ሸምዳጅ ተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ጅግጅጋ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሌላ ዓይነት አልገጠመኝም። በንግግር ፈተና ተማሪው ራሱን ያስተዋውቅና መጨረሻ ላይ እኔን አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄዋ ሁለት ማርክ አላት። መጀመሪያ ማን እንዳወጣት እግዜር ይወቅ፤ እንደ ዩኒፎርም ከታላቅ ወደ ታናሽ ትወርዳለች። ከሩቁ ከሀርሺን ወረዳ የመጣውም፣ እዚሁ የተወለደውም በእንግሊዝኛ «ቲቸር፣ አገርሽ የት ነው?» ይለኛል። «ደሴ» እላለሁ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አመስግኖ ተቀምጧል። ታዲያ ስለ ደሴ ለማን ላውራ? ለግድግዳው?

አምና ሆዳን የምትባል ተማሪዬ ተራዋ ደረሰ። ለማለፍ የቀሯት እነዚያው ሁለት ማርኮች ናቸው፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ራሷን በደንብ አስተዋወቀች፤ ጥያቄዋ ላይ ስትደርስ ግን የሸመደደችው ሁሉ ጠፋባት። ትንሽ አየችኝና በአማርኛ፣

«ቲቸር፣ ማታ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አለችኝ።

ክፍሉ ሳቀ።

«በእንግሊዝኛ ጠይቂኝ። በአማርኛ ማርክ የለውም።»

«እንግሊዝኛው ጠፋኝ።»

«እንግዲያው ዜሮ ነው፣ ልጄ። ትወድቂያለሽ።»

ለሌላው የከለከልኩትን ለእሷ ብሰጥ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በየትኛው ፊቴ እቆማለሁ?

«እሺ፣ ልውደቅ» አለች፤ ግን አልተቀመጠችም። «አንቺ ግን አልመለስሽልኝም።»

ዜሮዋን ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጬ በአማርኛ «ብቻዬን ነው የምበላው» ብዬ መለስኩላት።